ሠላሳ ሰዓት

ፀሐይወርቅ የሰማችው ከግድግዳው ወዲህ ሆና ነው። ግድግዳ ይባል እንጂ የላቦራቶሪውን ሁለት ክፍሎች የሚለየው እስከ ጣሪያው የማይደርስ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ ጣውላ ነበር፤ ከወዲያ የተነፈሰ ከወዲህ ይሰማል። ካፖርቷን ሰቅላ፣ ነጩን ጋዋኗን ለብሳ፣ እጇን ልትታጠብ የውሃውን መክፈቻ እንደያዘች የዶክተር ሌንዝ ድምፅ መጣ። አልጮኹም። ስድስት ዓመት አብራቸው ስትሠራ ሲጮኹ ሰምታ አታውቅም። «የእሑድ መዝገብ ላይ ያለው ያንተ ስም ብቻ ነው» አሉ። «ጃሩን ከፍተኸዋል ወይ?» መልስ አልመጣም። ደግመው ጠየቁ፤ አሁንም ዝም። ፀሐይወርቅ ባታየውም የወንድሟ ልጅ የማነ እንዴት ሆኖ እንደቆመ ታውቃለች፤ ሁለት እጁን ከፊቱ አጣምሮ፣ ዓይኑን ጫማው ላይ ጥሎ፣ አባቱ በትልቅ ሰው ፊት እንዲህ ነው የሚቆመው ብሎ እንዳስተማረው። እዚህ አገር ደግሞ ዓይኑን የሚሰብር ሰው ያጠፋ ሰው ነው። ስንት ጊዜ ነግራዋለች፣ ቀና ብለህ እያቸው፣ አይበሉህም ብላ። አንገቱ ግን አልለመደም። ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁት። ከዚያ ድምፃቸው የደከመ ሰው ድምፅ ሆነ። «ስህተት እኔም እሠራለሁ» አሉ። «ስህተት ይታለፋል። ተጠይቆ ዝም የሚል ሰው ግን እዚህ ክፍል ውስጥ ሊሠራ አይችልም። ቁልፍህን እስከ ምሳ ሰዓት አስረክብ። ደብዳቤውንም ልፈርምልህ አልችልም።»

ደብዳቤው ለፋርማሲ ትምህርት ቤት ነበር። ማመልከቻው እስከ ዓርብ መድረስ አለበት፤ የሁለት ዓመት ውጤቱ ጥሩ ነው፤ የቀረው አሠሪው የሚሰጡት ምስክርነት ብቻ ነበር። ትምህርት ቤት ካልገባ የተማሪ ቪዛው በሰኔ ያበቃል። ቪዛው ካበቃ የሚመለሰው አዲስ አበባ ነው። ጊዜው ደግሞ ስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው፤ አባቱ ከታሰረ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል፤ ከዚያ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ አጥሮ አጥሮ «ደህና ነን» ብቻ ሆኗል። ወንድሟ ከመታሰሩ በፊት የጻፈላት የመጨረሻ ወረቀት ላይ ስለ ራሱ አንድ ቃል አልነበረም፤ ልጄን አደራ ነው የሚለው። ይህን ሁሉ ፀሐይወርቅ ታውቃለች። በሌላ በኩል ደግሞ የእሷ የራሷ ግሪን ካርድ አለ፤ ጠበቃው እንደነገራት ጉዳዩ የቆመው ዶክተር ሌንዝ «ይህችን ሴት የሚተካት የለም» ብለው በጻፉት ላይ ነው፤ ቃለ መጠይቁ የሚቀጥለው ወር ነው። ከጣውላው ጫፍ እስከ ዶክተሩ ጠረጴዛ አራት እርምጃ ነው። ውሃውን ከፈተችና መታጠብ ጀመረች፤ ወዲያ ማዶ በሩ ሲዘጋ እስኪሰማ ድረስ እጇን እስከ ክርኗ፣ ለቀዶ ጥገና እንደሚዘጋጅ ሐኪም ታጠበች።

ጃሩን የከፈተው ሰው አልነበረም። በዚያ ክፍል የሚረቡት ባክቴሪያዎች አየር የሚገድላቸው ናቸው፤ እኛን የሚያኖረን ኦክስጅን ለእነሱ መርዝ ነው። ስለዚህ የተዘሩባቸው ሳህኖች ክዳኑ በብሎን የሚጠብቅ ጃር ውስጥ ይገባሉ፤ ከክዳኑ ሥር አመድማ ጠጠር የያዘች ትንሽ የሽቦ ቅርጫት ትንጠለጠላለች። ጠጠሮቹ በውስጥ የቀረውን ኦክስጅን አብሮት ከሚለቀቀው ጋዝ ጋር አዋሕደው ውሃ ያደርጉታል። አንድ ጊዜ ከሠሩ በኋላ ግን ይረጥባሉ፤ የረጠበ ጠጠር አይሠራም፤ ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ ሁለት ሰዓት መቆየት አለበት። ለዚህ ነው ቅርጫቶቹ ሁለት የሆኑት፤ አንዷ ስትሠራ አንዷ ትደርቃለች። አንዲት ቀጭን ወረቀትም አብራ ትገባለች፤ አየሩ ሲያልቅ ትነጣለች፣ አየር ካለ ግን ሰማያዊ እንደሆነች ትቀራለች። ፀሐይወርቅ እጇን አደራርቃ ምድጃውን ከፈተች። ደረቋ ቅርጫት እዚያው ነበረች፤ ከቅዳሜ ጀምራ እዚያው። ጃሩ ላይ የሰቀለቻት እርጥቧን ነበር ማለት ነው። ቅርጫቷን በጨርቅ ይዛ አወጣቻት፤ ወዲያና ወዲህ አየችና መደርደሪያው ላይ፣ ጭራሽ ያልተረሳች ዕቃ አስመስላ አስቀመጠቻት። ከጎኗ ካሉት ዕቃዎች ጋር አስተካክላ አሰለፈቻት። በኋላ ቀኑን ሙሉ የከነከናት ይኸው ነበር፤ ማስተካከሏ።

የሞቱት ስድስት ሳህኖች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ዶክተር ሌንዝ ከበላያቸው ጎንበስ ብለው አንድ ባንድ በማጉያ መነጽር ያያሉ፤ ያዩትን መልሰው ያያሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው። የሚፈልጉት ነገር ሌሎቹ ሐኪሞች ካፍቴሪያ ውስጥ የሚስቁበት ነገር ነበር። መድኃኒት የሚሠሩት አየር እየተነፈሱ አፈር ውስጥ የሚኖሩት ሻጋታና ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነዚህ ያለ አየር የሚኖሩት ምስኪኖች ከእጅ ወደ አፍ እየኖሩ፣ ባላጋራቸውን የሚገድል መርዝ ለመሥራት አቅሙን ከየት ያመጣሉ ይሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ፣ ማንም ያልፈለገበት ቦታ ነው መፈለግ ያለብን ይላሉ፤ ፎቅ ላይ ያለው የቁስለኞች ክፍል ፔኒሲሊን በማይበግረው፣ ስታፍ በሚሉት ባክቴሪያ የሚመግሉ ሰዎች ሞልተውታል። አሥራ አንድ ወር ከኩሬ፣ ከፍሳሽ፣ ከላም ጨጓራ የመጣውን ሁሉ ዘሩ፤ አንድም አልተገኘም። የተገኘው በየካቲት ነው። ያገኘችውም ፀሐይወርቅ ናት። ከቤቷ ወደ ላይ፣ የፌርፋክስ መንገድ የዊልሸርን መንገድ አቋርጦ ከሚያልፍበት አጠገብ፣ ከመናፈሻው ሣር መሐል ሬንጅ እየፈላ የሚወጣበት ቦታ አለ፤ አንድ እሑድ ስታልፍ ቆማ አየችው፣ በሚቀጥለው እሑድ ረጅም ማንኪያና ትንሽ ጠርሙስ ይዛ መጣች። ማንም አላዘዛትም። ጭቃውን ከሥር አውጥታ፣ ጠርሙሱን አየር እንዳይቀርበት እስከ አፉ ሞልታ፣ ደፍና፣ በሻርፗ ጠቅልላ በአውቶቡስ ወሰደችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ስታፍ እንደ ሣር በለበሰው ሳህን ላይ፣ በአንዲት ነጠብጣብ ዙሪያ ጥርት ያለ ባዶ ክብ አየች። የነጠብጣቧ ጎረቤት ሁሉ ሞቷል። ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። እስኪደገም ለማንም አንናገር አሉ። ተደገመ፤ አምስት ጊዜ ተደገመ። በግንቦት በሚደረገው ስብሰባ ላይ ሊያሳዩት ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ከስማቸው ቀጥሎ የሷን ስም ጽፈውት አይታለች።

ባክቴሪያው ግን ችኮ ነበር። ከዘመዶቹ አንዳንዶቹ ክፉ ቀን ሲመጣ ቅርፊት አበጅተው ውስጡ ይደበቃሉ፤ ይሄኛው መደበቂያ አያውቅም። ሁለት ጊዜ አቀዝቅዘው ሊያቆዩት ሞክረው ሁለቴም አልነቃም። ስለዚህ እንደ እርሾ በየሳምንቱ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከአሮጌው ሳህን ቆንጥረው ወደ አዲስ ማዛወር ነበረባቸው፤ አሮጌውን የማነ እሑድ ጠዋት መጥቶ በእንፋሎት ይቀቅልና ያጥበዋል። ዕቃ አጣቢ ነው፤ ጃሩን መንካት አልተፈቀደለትም፣ ነክቶም አያውቅም። መጋቢት ላይ ፀሐይወርቅ ይህ ፍጥረት አየር ቢነካው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ሞክራለች። ሠላሳ ሰዓት። ከዚያ በላይ የሚተርፍ የለም። ይህንንም መዝገቡ ላይ በራሷ እጅ ጽፋዋለች።

ቅዳሜ የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህልም ውሃም አልቀመሰችም፤ እናቷ እስከ ሞተችበት ዓመት ታደርገው እንደነበረው ታከፍላለች። አክፍሎት ሥራ ላይ ሆኖ ከባድ ነው ብላ ለራሷም አልነገረችም፤ ለዶክተር ሌንዝ ደግሞ ምን ብላ ታስረዳቸው። ዓርብ ስግደት ላይ ውላ ጉልበቷ ዝሏል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳህኖቹን ስታዛውር ዓይኗ እየተጭበረበረባት ነበር። አንዴ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ቆማለች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጃሩን ዘጋች። ወረቀቷ ነጥታ እንደሆነ ለማየት አንድ ሁለት ሰዓት መቆየት ነበረባት፤ ግን የግሪኮች ቤተ ክርስቲያን የሌሊቱን ቅዳሴ የሚጀምረው በጊዜ ነው፣ መቀመጫም ይጠፋል፤ ገላዋንም አልታጠበችም። መብራቱን አጥፍታ ወጣች። እስከዚህ ድረስ የሆነው የደካማ ሰው ስህተት ነው። እግዚአብሔርም ዶክተር ሌንዝም ይቅር የሚሉት ዓይነት። የእሑዱ ነው ያስቸገራት።

እሑድ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ማዕዱ ቀርቦ ነበር። ጋሼ ክፍሉ ከቫን ናይስ ራሳቸው ባርከው ያረዱትን ዶሮ ይዘው ሌሊት ከቅዳሴ በኋላ መጥተዋል፤ ከኖርዝ ሆሊውድ አንድ ባልና ሚስት አሉ፤ ወንበር አንሶ አንዱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ቤት ጫጫታ ነበር። የማነ ሳህኖቹን ቀቅሎ ከላቦራቶሪ መጣ፣ ሁሉንም ጎንበስ እያለ እንኳን አደረሳችሁ አለ፣ ከዚያ አጠገቧ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ ጃሩ ውስጥ ያለው ወረቀት ሰማያዊ ነው» አላት። ፀሐይወርቅ ጉርሻ ጠቅልላ ለጋሼ ክፍሉ ልታቀብል ነበር። በዚያች ቅጽበት ምድጃው ታያት፤ የተዘጋው የምድጃ በርና በውስጡ ያለችው ቅርጫት ቁልጭ ብላ ታየቻት። «አንዳንዴ ይዘገያል» አለችው። «በበዓል ቀን ሥራ አታንሳ። እጅህን ታጠብና ብላ።» ሃያ ሰዓት የሚዘገይ ወረቀት እንደሌለ እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል። እንግዳ ባይኖር ምናልባት ደግሞ ይነግራት ነበር። እንግዳ አለ፤ እሷ ደግሞ አክስቱ ናት፤ ሥራውን ያስተማረችውም እሷ ናት። እሺ አለና ታጥቦ ተቀመጠ። የጋሼ ክፍሉ መኪና ደጅ ቆማ ነበር። እስከ ላቦራቶሪው ሃያ ደቂቃ መንገድ ነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የማነ ቁልፉን አስረክቦ ዕቃውን በወረቀት ከረጢት ይዞ በጣውላው በኩል አለፈ። ቆም አለ። ቤት እንገናኛለን አላት፤ እንደማንኛውም ቀን። እሺ አለችው። ከሄደ በኋላ ዶክተር ሌንዝ ወደሷ መጥተው፣ ዘመድሽ መሆኑን አውቃለሁ፣ ለኔም አልቀለለኝም አሏት፤ ፊትሽ ጥሩ አይደለም፣ ሂጂና ዕረፊ አሏት። እዚያ ላይ መናገር ትችል ነበር። አመሰግናለሁ አለች። ካፖርቷን ለብሳ ከኮሪደሩ ስልክ ለጋሼ ክፍሉ ደወለችና፣ ረጅሙን ማንኪያና አንድ ጠርሙስ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ጋሼ ክፍሉ በአገር ቤት ሕግ ጀምረው የነበሩ፣ እዚህ ካልቨር ሲቲ ያለ አንድ ስቱዲዮ የሌሊት ጥበቃ የሚሠሩ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ቢጫ ፎርዳቸው የተሳፋሪው በር ከውስጥ ካልሆነ አይከፈትም፤ ለያንዳንዱ እንግዳ ተንጠራርተው ሲከፍቱ እንደ ባለሆቴል፣ ግቡ ግቡ ይላሉ። «ሶ፣ ለመናፈሻ ነው ከእንቅልፍ የቀሰቀስሽኝ?» አሉ ድራይቭ እያደረጉ። «ሌላው ሰው በፋሲካ ማግስት ዘመድ ይጠይቃል፣ አንቺ ጭቃ ትጠይቂያለሽ።» አልሳቀችም። ኦሎምፒክ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ያዛቸው። ከዚያ፣ እሷ ከደወለች በኋላ የማነም እንደደወለላቸው ነገሯት። ሶፋቸው ላይ ለጥቂት ሳምንት ማደር ይችል እንደሆነ ጠይቋቸዋል። ለምን ሲሉት እትዬን እንዳላስቸግር ነው ብሏል፤ ጆቡን ማጣቱን ራሱ ያወጡት በስንት መከራ ነው። ቸልተኛ ልጅ አይመስላቸውም ነበር፤ አሁን ግን እንጃ፣ የዛሬ ልጆች ልባቸው የት እንዳለ አይታወቅም፣ አንድ ጠርሙስ መጠበቅ ያቃተው ነገ የሰው መድኃኒት እንዴት ይቀምማል አሉ። ፀሐይወርቅ በመስኮት የዳቦ ቤቶቹን ደጃፍ ታያለች።

«ቆይ ግን» አሉ ጋሼ ክፍሉ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖም ሳይነዱ። «ትናንት ማዕድ ላይ የሆነ ነገር ሲነግርሽ አልነበር? ስለ ሰማያዊ ወረቀት ምናምን?»

«አላስታውስም ጋሼ ክፍሉ።»

ከኋላ ጥሩምባ ነፉባቸው። ነዱ። እኔም ያን ጊዜ ሁለቱም ጆሮዬ ዶሮው ላይ ነበር አሉ፤ ቀልዱ ግን መሐል መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ እስኪደርሱ ድረስ ስለ ቤንዚን ዋጋ ነው ያወሩት፣ እሳቸው ብቻ።

ሬንጁ ያለበት ቦታ እንደ ድሮው ነው። ሐይቁ ዳር የቆሙትን የሲሚንቶ ዝሆኖች የትምህርት ቤት ልጆች ከበው ይጮኻሉ፤ ወደ ውስጥ ገባ ሲሉ ግን ሣር ብቻ ነው፣ በሣሩ መሐልም እንደ ጥቁር ዓይን የሚያብለጨልጭ ጉድጓድ። ፀሐይወርቅ ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከች። ጋሼ ክፍሉ ኮፍያቸውን አውልቀው በላይዋ ቆመው ሰው እንዳይመጣ ይጠብቃሉ፤ ምን እንደምትፈልግ አልጠየቁም። ማንኪያው ሲወጣ ረጅም ክር ይዞ ይወጣል፤ ሽታው የአስፋልት መንገድ ሽታ ነው። ጠርሙሱን እስከ አፉ ሞላች፣ ክዳኑን ያዘች፣ ከዚያ ቆመች። ከየካቲት በኋላ ወደዚሁ ጉድጓድ ዘጠኝ ጊዜ ተመልሰዋል። እዚያው ክንድ ልክ ጥልቀት፣ እዚያው ዳር። ዘጠኙንም ዘርተው ዘጠኙም ላይ ያች ነጠብጣብ አልተመለሰችም። አንዲት ነበረች፣ አንድ ቀን እጅ ላይ ገባች። ይህን እያወቀች ነው የመጣችው። የመጣችው ባክቴሪያው ከተገኘ ማንም ምንም ያላጠፋ ይሆናል ብላ ነው፤ ሌላው ሁሉ ሳይነገር ያልፋል ብላ። ጭቃውን መልሳ ጉድጓዱ ውስጥ አፈሰሰችው። ቀስ ብሎ ነው የሚፈሰው፤ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ምነው?» አሉ ጋሼ ክፍሉ።

«አይሆንም።»

እጇን ይዘው አስነሷት። መዳፋቸው ጥቁር ሆነ። በመሐረብ እየጠረጉ፣ ወደ ሣሩ እያዩ፣ «ልጁን ልውሰደው ወይስ ቤቱ ነው?» አሏት። የሕግ ተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው፤ የጠየቋት ስለ ሶፋው ብቻ እንዳልሆነ ገባት። ቤቱ እንደሆነ ነገረቻቸው። እንግዲያው ቤቱ ይሁን አሉ። ደጃፏ ላይ ፓርክ አድርገው በሩን ሲከፍቱላት እንደ ወትሮው አልቀለዱም።

ቤቱ ከፌርፋክስ በስተምሥራቅ ባለች አጭር መንገድ ላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ ነው፤ አንድ መኝታ ቤት፣ የማነ የሚተኛበት ሳሎን፣ ሁለት ሰው ካቆመ የሚሞላ ኩሽና። በወር መቶ ስልሳ ዶላር። ከትናንት የተረፈው ጫጫታ ሁሉ ተጠራርጓል፤ ሳህኖቹ ታጥበው ተደፍተዋል፣ ወንበሮቹ ለየጎረቤቱ ተመልሰዋል፣ ወለሉ ተወልውሏል። የማነ ሳሎን መሐል ሻንጣውን ከፍቶ ሸሚዝ ያጥፋል። ስትገባ ብድግ አለ። እጇን አየ፣ ከጥፍሯ ሥር ያለውን ሬንጅ አየ። ወጡን እንዳሞቀላት፣ እንቁላሉን ለሷ እንደተወላት ነገራት። አቅርቦላት ወደ ሻንጣው ተመለሰ። ፀሐይወርቅ ሳህኑ ፊት ተቀመጠች። የጎረቤት ሬዲዮ ስለ ቤዝቦል ያወራል። ሸሚዝ ሲታጠፍ፣ እጅጌው ሲገለበጥ፣ በመዳፍ ሲዳመጥ ይሰማል። በዚህ ሁለት ዓመት በዚህች ክፍል ውስጥ ዝም ተባብለው ብዙ ጊዜ ተቀምጠዋል፤ ያ የለመደ ዝምታ ነበር፣ አንዱ ሲያነብ አንዱ ሲሰፋ። ይሄኛው ሌላ ነው። ሸሚዞቹን ቆጠረች። ሰባት።

«ሦስት ጊዜ ሲጠይቁህ ለምን አልተናገርክም?» አለችው።

የያዘውን ሸሚዝ አጥፎ ጨረሰና ሻንጣው ውስጥ አስቀመጠው።

«መናገር ያለበት ሰው ከጣውላው ወዲያ ነበር» አለ። «ካፖርትሽን ስትሰቅዪ ሰምቻለሁ።»

ቁጣ አልነበረበትም። ቁጣ ቢኖርበት ትይዘው ነበር፤ አንተ ልጅ ብላ ትነሳበት፣ ልታለቅስም ትችል ነበር። እሱ ግን የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚነግራት ሆኖ ነው የተናገረው። እኔ ብናገር እትዬን ከሰስኳት ማለት ነው አለ ቀጥሎ፤ እትዬ ብትናገር ግን እውነቱን ተናገረች ነው። ግሪን ካርዷም እንዳለ ያውቃል። ስለዚህ ጠበቃት። ዶክተሩ ሦስተኛውን ሲጠይቁ እንኳ ጠበቃት። ከዚያ ውሃው ሲከፈት ሰማ።

ፀሐይወርቅ ተነሳች። ስልኩ ኩሽናው ግድግዳ ላይ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው፤ ዶክተር ሌንዝ እስከ አሥራ ሁለት ከቢሯቸው አይወጡም። ልታማትብ እጇን ግንባሯ ላይ አድርሳ ተወችው፤ እርዳኝ ለማለት አፈረች፤ የሚያስፈልጋት እርዳታ አልነበረም፣ አራት እርምጃ ነበር። ቁጥሩን አዞረች። የማነ ከሳሎን ቀና አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ማጠፉን ቀጠለ።

ጃሩን ማንም አልከፈተውም አለቻቸው ገና ስማቸውን እንደጠራች። እርጥቧን ቅርጫት የሰቀለችው እሷ መሆኗን፣ ወረቀቷ ሳትነጣ መብራት አጥፍታ መውጣቷን፣ ጠዋት ደረቋን ምድጃ ውስጥ አግኝታ መደርደሪያው ላይ መደበቋን፣ ከጣውላው ወዲህ ሆና ሁሉን መስማቷን ነገረቻቸው። ሁለት ቀን ሙሉ ሳትበላ እንደነበረች አልተናገረችም፤ ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር፣ ግን ስለ እግዚአብሔር የተደረገ ነገር ለዚህ ማምለጫ እንዲሆን አልፈለገችም። ልጁ እሑድ ዕለት አይቶ ነግሯታል። ጃሩን አልነካም፤ እንዲነካ አልተፈቀደለትም። የተናገረችው እንግሊዝኛ ስትፈራ እንደሚሆንባት የተሰባበረ አልነበረም። ስትጨርስ የጎረቤቱ ሬዲዮ አንድ ጊዜ አጨበጨበ።

ነገ ሁለት ሰዓት ላይ የምስክርነቱን ደብዳቤ ይዞ ይምጣ አሉ ስለ የማነ። ይፈርማሉ፤ ይቅርታም ይጠይቁታል። ስለ አንቺ ደግሞ ነገ እንነጋገራለን አሉ፤ የግሪን ካርድሽንም ነገር ጭምር። ክፉ ቃል አልጨመሩም። ፀሐይወርቅ ያለቀ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ ልታነሳ ስትል፣ «አንድ ነገር ብቻ» አሉ። መሳቢያ ሲከፈት፣ ወረቀት ሲገለጥ ሰማች። ለመዝገቡ ነው፤ እንዴት እንደጠፋ በትክክል መጻፍ አለበት። «ወረቀቱ ሰማያዊ መሆኑን የነገረሽ በስንት ሰዓት ነው?»

«እሑድ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ።»

ሁለቱም በየበኩላቸው ደመሩት። ሃያ። እስከ ሠላሳው ገና አሥር ሰዓት ቀርቶት ነበር። እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ተሰማት፤ ከዚያ ቆመ።

«ከዚያስ ምን አደረግሽ?»

እንግዶች ነበሩ ማለት ትችላለች። በዓል ነበር፣ እሑድ አውቶቡስ በሰዓት አንዴ ነው፣ ሌሊቱን ቆሜ ነው ያደርኩት ማለት ትችላለች፤ አንዱም ውሸት አይደለም። ሳሎን ውስጥ ሸሚዝ የሚያጥፈው እጅ ጸጥ ብሏል።

«ምሳዬን በላሁ» አለች።